ሩሲያ ሄደ የተባለው ጋሽ መስፍን

ከሥራ ስመለስ ልጄ ናትናኤል የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በነጭ ካርቶን ሞልቶ በወፍራም ማርከር መፈክር ይጽፍ ነበር። ቀኑን ሙሉ አርሊንግተን ያለ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሳነጥፍ ውዬ ወገቤ ተቆርጧል። የሲልቨር ስፕሪንጉ አፓርትመንታችን መስኮት በደንብ ስለማይከፈት ሽታው ገና ከበሩ ተቀበለኝ። ትንሽ እንደ ናፍጣ፣ ትንሽ እንደ ጫማ ቀለም ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። ቦርሳዬን ሳላወርድ እዚያው ቆምኩ። ይህን ሽታ ከአንድ ሰው ሸሚዝ እጅጌ ላይ አውቀዋለሁ። የደሴው ጋሽ መስፍን እንዲህ ነበር የሚሸተው።

"ማም፣ አር ዩ ኦኬ?" አለኝ ናትናኤል፣ ቀና ሳይል።

"ደህና ነኝ። በሩን ክፈተውማ፣ አፈነኝ" አልኩት።

ጋሽ መስፍን አስተማሪ ነበር። እናቴ በግቢያችን ጥግ ያለችውን አንዲት ክፍል ለእሱና ለጓደኛው ለጋሽ በላይ አከራይታቸው ነበር። ከአንድ ኮሌጅ ወጥተው፣ በአንድ አውቶቡስ መጥተው፣ አንድ ክፍል የገቡ ናቸው። ጋሽ በላይ ረጅምና ቁጥብ ነበር። ጋሽ መስፍን ደግሞ ቀጭን፣ አፍሮው ከራሱ የሚበልጥ፣ ሱሪው ከታች እንደ ደወል የሰፋ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር የደሴ ጭቃ እስከ ጉልበቱ ይወጣበታል። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ እጀታውን እያዞሩ የፈተና ወረቀት የሚያባዙበት ማሽን ነበር። የእሱ እጅ ከዚያ ማሽን ቀለም ጠርቶ አያውቅም። ሲያባዛ የነበረው ፈተና ብቻ እንዳልሆነ የገባን በኋላ ነው።

ሁለቱ ራት እስኪደርስ ይከራከራሉ። ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት ጭቃ ስለሆነ ሁሉ ነገር ይሰማናል። ክርክሩ ስለ ሩሲያ ነው። እዚያ አብዮቱን የመራው ሰውዬ ሲሞት ሁለት ጓዶቹ ለወንበሩ ተጣሉ። አንዱ ባለ ሪዝ ነው፣ አንዱ ባለ መነጽር። ባለ ሪዙ ወንበሩን ያዘ፣ ባለ መነጽሩን ካገር አባረረው፣ አልበቃው ብሎ ሰው ልኮ በተሰደደበት አስገደለው። ስማቸውን ያኔም አልያዝኩትም፣ ዛሬም አይመጣልኝም። እኛ የግቢው ልጆች ባለ ሪዙ፣ ባለ መነጽሩ እያልን ነው ያደግነው።

"ባለ መነጽሩ ቢይዘው ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ አያልቅም ነበር" ይላል ጋሽ መስፍን። "የሚያነብ ሰው ነው። የሚከራከር ሰው ነው።"

"ባለ መነጽሩ ቢይዘው ኖሮ እየተከራከረ አብዮቱን ያስበላው ነበር" ይላል ጋሽ በላይ።

እናቴ ከወዲህ በኩል ግድግዳውን በማማሰያ ትደበድባለች። "እናንተ ልጆች! የሰው አገር አልጋ ስታከፋፍሉ ሽሯችሁ ቀዘቀዘ!"

ግቢያችን ውስጥ ሁለት አውራ ዶሮዎች ነበሩን፤ አንደኛው ዓይኑ ዙሪያ ነጭ ክብ አለው። ጋሽ መስፍን በሁለቱ ጓዶች ስም ጠራቸው፤ እኛም ሲናቆሩ ዙሪያቸውን እየዞርን እንጮሃለን። ለበዓል እናቴ አንዱን አረደች። ጋሽ መስፍን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከበሩ ሳይገባ፣ "እትዬ ዘነቡ፣ ማን ሥልጣን ያዘ?" አላት።

"ያልወፈረው" አለችው እናቴ፣ ላባ እየነጨች።

በሳቅ ሆዱን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሲስቅ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስለሚስብ ሳል የያዘው ይመስል ነበር። ከመልኩ ይልቅ ዛሬ የቀረኝ ያ ሳቅ ነው።

ከዚያ የሩሲያው ነገር እኛም ግቢ ገባ። የተማሩት ልጆች ሁለት ድርጅት ሆኑ። የሁለቱም ባንዲራ ቀይ ነው፣ ሁለቱም ስለ ድሃው ነው የሚያወሩት። አንደኛው ወታደሮቹን ተጠግቼ ላርማቸው አለ፣ ሌላው ልዋጋቸው አለ። ጋሽ በላይ ከተጠጉት ሆነ፣ ጋሽ መስፍን ከሚዋጉት። ክፍሏን ለሁለት ከፍለው ገመድ ወጠሩና አንሶላ ሰቀሉባት። ቡታጋዙ አንድ ብቻ ስለሆነ ከአንሶላው ሥር፣ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ አድርገው አስቀመጡት። ተራ በተራ ያበስሉበታል፣ ቃል አይወጣቸውም። እናቴ ያን ካየች በኋላ ግድግዳ መምታቷን ተወች።

ጋሽ በላይ ቀበሌ ገብቶ ሽጉጥ ታጠቀ። ጋሽ መስፍን ጉም ደሴን በሸፈነበት አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ብሎ እንደወጣ ቀረ። እናቴ ያጠበችለት ሸሚዝ ገመድ ላይ ደረቀ፣ ዝናብ መታው፣ ደግሞ ደረቀ። ለማውረድ የደፈረ የለም። እናቴ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ፈራች፤ እኔንም ሦስተኛ ክፍል ሳልጨርስ አስቀረችኝ።

የጋሽ መስፍን እናት እማማ ፋንታዬ ከወረኢሉ ወዲያ ካለ ገጠር በዓመት አንዴ ለልጃቸው በሶና ማር ይዘው ይመጡ ነበር። በዚያም ዓመት መጡ። እናቴ ምን ብላ ትንገራቸው? ሬሳውን አላየች፣ ሞቱን አልሰማች። በዚያ ላይ ያ ዘመን ለተገደለ ልጅ የማይለቀስበት ዘመን ነው፤ እንባ ራሱ ያስጠይቃል። ውሃ ቀድታ ሰጠቻቸውና መሬት መሬት ስታይ ጋሽ በላይ ገባ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

"እማማ፣ መስፍን ሩሲያ ሄዷል" አላቸው። "ለትምህርት። መንግሥት ነው የላከው።"

እማማ ፋንታዬ እልል አሉ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ማሩን ከነቅሉ ለጋሽ በላይ አስታቀፉት። "አንተ ብላው፤ ያው ወንድሙ ነህ" አሉት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መጡ። ኋላ የጋሽ በላይ ድርጅትም ከወታደሮቹ ተጣልቶ፣ እሱ በሱዳን በኩል ከጠፋ በኋላም አልቀሩም። "ከሩሲያ ወረቀት አልመጣም?" ይላሉ፣ ገና ከበሩ። አንድ ጊዜ፣ "መቼም እዚያው አግብቶ ይሆናል" አሉን። "ፈረንጅም ብትሆን ግድ የለም። በሶ መበጥበጥ ያስተምራት፣ በሉት።"

ጋሽ መስፍን በወጣትነቱ ስለቀረ እኔ በዕድሜ አለፍኩት። ዛሬ ልጄን ነው የሚያክለው። ጋሽ በላይ ግን ሸምግለዋልና አንቱ ማለት ግድ ሆነብኝ። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ አንድ ለቅሶ ቤት አየኋቸው። የሚኖሩት አሌክሳንድሪያ ነው፣ ብቻቸውን። ሰላም እንባባላለን እንጂ ስለዚያች ክፍል አንስተን አናውቅም።

የማርከሩ ሽታ በተቀበለኝ በዚያ ሳምንት ናትናኤል ትኬት መቁረጡን ነገረኝ። ትምህርቱን አቋርጦ አገር ቤት ሊገባ፣ ከገባበት የተቃዋሚ ድርጅት ሰዎች ጋር "ግራውንድ ላይ" ሊሠራ ነው። ከሄኖክ ጋር ከተኮራረፉም ቆይተዋል። ሄኖክ ከሕፃንነቱ ጓደኛው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ሲዘምሩ ነው ያደጉት። አሁን ሄኖክ የሌላ ድርጅት ሆኗል። ሁለቱም የሚቃወሙት ያንኑ መንግሥት ነው፤ ግን አንዱ ሌላውን ከሃዲ ይለዋል። ልዩነታችሁ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ "ማም፣ ኢትስ ኮምፕሊኬትድ" አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ጋሽ በላይ ትዝ አሉኝ። ያዩትን ቢነግሩት፣ ተሳስተን ነበር ቢሉት፣ ይፈራልኛል ብዬ ቅዳሜ ከሰዓት ወሰድኩት።

ቤታቸው መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ሶፋው ላይ እንኳን ተከምሯል። ስኳር ስላለባቸው ለራሳቸው መራራ ሻይ፣ ለእኛ ጣፋጭ አቀረቡ። "የእትዬ ዘነቡ የልጅ ልጅ!" ብለው ናትናኤልን አገላብጠው ሳሙት። ለምን እንደመጣን ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ገና አገር ቤት ስል ዓይናቸው በራ።

"እኛ ብንይዘው ኖሮ" አሉት፣ ወደ እሱ ጠጋ ብለው፣ "ዛሬ ያቺ አገር ሌላ አገር ነበረች። የተማረ ሰው የሚመራት። ወታደር የማይፈነጭባት። አንድ ዕድል ነበር፣ አመለጠን።"

"ሶ፣ ዩ ዉድ ሃቭ ዳን ኢት ዲፈረንትሊ?" አላቸው ናትናኤል።

"እንዴታ!" አሉ።

ልጄ ሻዩን ትቶ አፍ አፋቸውን ያያል። እሳት እንዲያጠፉልኝ ወስጄው ጭራሽ ክብሪት አቀበሉት። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

"ጋሽ መስፍንንስ?" አልኩ።

"መስፍንን ምን?"

"እናንተ ብትይዙት ኖሮ ጋሽ መስፍንን ምን ታደርጉት ነበር?"

ሻያቸውን ፉት አሉ። "መስፍን... ግትር ልጅ ነበር። እጅ የሚሰጥ ዓይነት አልነበረም።"

"እኮ።"

"እናስረው ነበር። ለጊዜው።"

"ከዚያስ?"

የመድኃኒት ሳጥናቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። "እነሱም ቢይዙት እኔን ከዚያ የተሻለ አያደርጉኝም ነበር" አሉ።

"ለእናቱስ ማን ይነግር ነበር?"

እኔን አላዩኝም፤ ልጄን ነው ያዩት። "ሩሲያ ሄደ ያልኩት አዝኜላቸው ነው" አሉት።

"ያን ቀን መሞቱን ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"አውቅ ነበር።" ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "ማሩን እኮ አልቀመስኩትም" አሉ።

ስንመለስ ናትናኤል ነበር የሚነዳው። የፖቶማክን ድልድይ እንደተሻገርን፣ "ዲድ ሺ ኤቨር ፋይንድ አውት?" አለኝ።

"ማን?"

"ሂዝ ማም።"

"እኔንጃ ልጄ። አሜሪካ ልመጣ ስሰናበት ገና ወረቀት ይጠብቁ ነበር።"

እዚያ መኪና ውስጥ ትኬቱን ይመልሳል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አልመለሰም። ሊሄድ ጥቂት ሲቀረው ግን፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ፣ ሄኖክን ይዞት መጣ። ሁለቱም ሳሎን ውስጥ ተራርቀው ቆሙ።

"ማሚ፣ ስልክሽን ለሄኖክ ሰጥቼዋለሁ" አለ ናትናኤል። "አንድ ነገር ብሆን የሚነግርሽ እሱ ነው።"

"የራስህ ሰዎችስ?"

"እነሱ የሚጠቅማቸውን ነው የሚነግሩሽ። ሄኖክ አይዋሽሽም። ሂ ሄትስ አስ።"

"አይ ዶንት ሄት ዩ፣ ስቱፒድ" አለ ሄኖክ፣ መሬት እያየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እዚህ ያደገ ልጅ ነው፣ ወጉን አያውቅም። "ኢትዮጵያ... ሰው ሲሞት እንዴት ነው የሚነገረው?" አለኝ።

ልጄ እዚያው ቆሞ እየሰማ፣ እኔው አስተማርኩት። "መርዶ በስልክ አይነገርም" አልኩት። "ሥራ ቦታዬም እንዳትመጣ። በጠዋት ነው የሚመጣው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ብቻህን አትምጣ፤ ትልልቅ ሰዎች አስከትል። አንተ ከኋላ ሁን፣ እነሱ ይናገራሉ።" እሺ አለኝ። በእንግሊዝኛ ደገመው፣ እንዳይረሳው። ናትናኤል መስኮቱ ጋ ሄዶ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ።

ልጄ ከሄደ ወዲህ ጠዋት ላይ ሊፍቱ ፎቃችን ላይ ሲቆም እጄ ላይ ያለውን እጥላለሁ። የጎረቤት እግር እስኪያልፍ አልተነፍስም። ጋሽ መስፍን መቃብር የለውም፤ ፎቶውንም በዚያ ዘመን እናቴ ከነመጽሐፎቹ አቃጥላዋለች። ለእኔ ቤት የተወው ሄኖክን ነው፣ እውነቱን የሚነግረኝን ልጅ። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሁልጊዜ ብቻውን፣ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ። እንዳልደነግጥ ብሎ ሰዓቱን አሳልፎ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ገና ኮሪደሩ ላይ ሳለ፣ "እኔ ነኝ እትዬ፣ ምንም የለም!" እያለ ይጮሃል። ከፍቼ አስገባውና ምሳ አቀርብለታለሁ።