የስፌት መኪናዬ ቁጥር

ባሌ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። የተገናኘነውም በሒሳብ ነው ብል ማን ያምነኛል? ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ መጣ። እኔ ቁመቱን ስለካ፣ እሱ የስፌት መኪናዬ ጎን ላይ የተቀረጸው ቁጥር ላይ አፍጥጧል፦ 104729።

«ብቸኛ…» አለ፣ ለራሱ።

እኔን ያለ መስሎኝ «ብሆንስ ምን አገባህ?» አልኩት።

ሰውዬው የሚገባበት ጠፋው። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው ብሎ እየተንተባተበ አስረዳኝ። ሱሪውን ሊወስድ ሲመለስ ወረቀት ይዞ መጣ። በስድሳ ስድስት ቁጥሮች እያካፈለ ሞክሮት በአንዱም እምቢ ብሏል። ኋላ ደግሞ ከመጽሐፍ አገኘሁ ብሎ፣ ብቸኞቹ ከሁለት ጀምረው ቢሰለፉ አሥር ሺኛው ይኸው ነው አለኝ። እንዲህ ያለ ሥራ ፈት አይቼ አላውቅም ብዬ አገባሁት።

መርሳት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ። መጀመሪያ ቁልፉን፣ ቀጥሎ የሰፈሩን መንገድ፣ አምና የልጃችንን ስም። ክኒኑን በሰዓቱ ባስውጠውም ጠብ ያለ ነገር የለም። ልጃችን «እማዬ፣ ብቻሽን አትችይውም፤ የሚንከባከቡት ቦታ እናስገባው» ስትል ከረመች። በመጨረሻ «ቁጥሩን የሳተ ቀን ትወስጂዋለሽ፤ እስከዚያ ከቤቱ ንቅንቅ አይልም» ብዬ ተስማማሁ።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መኪናው ፊት አስቀምጬው «ምን ዓይነት ቁጥር ነው?» እለዋለሁ። «ብቸኛ» ይለኛል። በቃ፣ ያን ቀን ባል አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ግን «በሦስት ይካፈላል» አለ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ቢሆንም ከሱ ጋር ኖሬ ይቺን አላጣትም፤ በሦስት የሚካፈል ቁጥር አሃዞቹ ሲደመሩም በሦስት ይካፈላሉ። በጣቴ ደመርኩ፤ ሃያ ሦስት። ደገምኩ፤ ያው ሃያ ሦስት። ልክ መሆን እንደዚያን ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

«እስቲ አንተ ደምረው» አልኩት።

ጣቱን በአሃዞቹ ላይ አስኬደና «ሃያ አራት» አለ፣ ረጋ ብሎ።

«የኔ ጌታ፣ ሃያ ሦስት ነው። እባክህ፣ እንደገና። ለኔ ብለህ።»

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። አልተቆጣም። ዕድሜ ልኩን ትምህርት የከበደው ልጅ ላይ ጮኾ አያውቅም።

«አይዞሽ ልጄ፣ ቀስ እያለ ይገባሻል» አለኝ። «አሁን ቦታሽ ተቀመጪ። ነገ ግን ወላጅ ይዘሽ ነይ።»

ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴም እናቴም ካረፉ ቆይተዋል። ምን ልበለው?

«እሺ ቲቸር» አልኩና ተቀመጥኩ።