ብርማውን ወለል የመረጠችው ሴት

የሴራሚክ መደብሩ ሰው ሁሉ «ግራጫዋ» ነው የሚላት። ለቤትም ይሁን ለቢሮ ወለል ምረጪልን ሲሏት፣ ዞራ ዞራ ግራጫ ላይ ስለምታርፍ ነው። እኔ ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ፤ እሷ መደብር ውስጥ ትመርጣለች፣ እኔ ሄጄ አነጥፋለሁ። አብረን ስንሠራ አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፤ ያልተጣላንበት ሳምንት ግን ትዝ አይለኝም።

ደንበኛ ሲመጣ እንደ ሌላው ሻጭ «ምን ዓይነት ይፈልጋሉ?» ብላ አትጀምርም። «ቤት ውስጥ ማን አለ?» ነው የምትለው። ሕፃን አለ? ሽማግሌ አለ? መስኮቱ በየት በኩል ነው? ፀሐይ የሚገባው ጠዋት ነው ከሰዓት? ሰውየው ሴራሚክ ሊገዛ መጥቶ ንስሐ የገባ ይመስለዋል። ከዚያ ናሙናውን ከመደርደሪያ አውርዳ መሬት ላይ ታስተኛዋለች፤ በኩባያ ውሃ ታፈስበትና ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ትቆምበታለች። አንዱ ደንበኛ «ኧረ እመቤት፣ ልናነጥፈው ነው እንጂ ልንታጠብበት አይደለም!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እሷ ግን ጥርሷንም አላሳየች።

ስለ ግራጫ እንድታወራ ከፈቀድክላት አበቃልህ። አንዱ ግራጫ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ፀሐይ በማያገኝ ክፍል ውስጥ ብርድ ብርድ ያሰኛል። ሌላው ወደ አፈር ያዘነብላል፤ ከእንጨት ዕቃ ጋር ይስማማል። ጥቁር ግራጫ ኩሩ ነው፤ ግን ትንሿን አቧራ ሁሉ ያሳጣል። መካከለኛው ገመና ሸፋኝ ነው። እግር ለሚበዛበት ሱቅ ሸካራው ይሻላል። ወለሉና ግድግዳው አንድ ዓይነት ከሆኑ ደግሞ ዓይኑ የደከመ ሰው ወለሉ የት ላይ እንዳለቀ አያውቅም፤ ስለዚህ በግድግዳው ሥር ጠቆር ያለ መስመር ታስዞራለች። ብርማ ግን አትነካም። መደብሩ ጥግ ላይ ብርማ ሴራሚክ የተለጠፈበት ሰሌዳ አለ፤ ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች እንጂ በዚያ በኩል አታልፍም። አንድ ቀን ከዚያ ናሙና አምጪ ብያት አላመጣ ስትል ደሜ ፈላ።

«ምን አለ እዚያ? ጅብ ታስሯል?» አልኳት።

«ሴትየዋ ቆመዋል» አለች።

ክው አልኩ። የትኛዋ ሴትዮ ብዬ አልጠየቅኳትም። አውቃቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ክሊኒክ ሲታደስ ባለቤቱ «መግቢያው እንደ ብር ያብራልኝ» አለ። እሷም ከዚያ ሰሌዳ ላይ አንዱን መረጠች። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር፤ መብራት ሲያርፍበት ክፍሉ እጥፍ ይሆናል። የእኛ ሥራ በሽታው ግን ይሄ ነው፦ ወለሉን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፈን፣ ደርቆና ተወልውሎ ሳለ፣ ፊት ለፊቱ ቆመን እንመርጠዋለን። ግድግዳ ላይ የሚራመድ ደግሞ የለም። ያ ሴራሚክ ለግድግዳ የተሠራ ነበር። እሷ ካርቶኑን አላየችም፤ ያወቀችው ኋላ ነው። እኔ አይቻለሁ። ጎኑ ላይ ተጽፎ አንብቤ፣ «እኔን ምን አገባኝ፤ መርጠው የሰጡኝን አነጥፋለሁ» ብዬ አነጠፍኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ ለማለት እንኳ አፌን ይይዘኛል።

ክሊኒኩ በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ ዘነበ። ሰው በእርጥብ ጫማ ገባ ወጣ አለ። ብርማ ወለል ላይ ውሃ አይታይም፤ ድሮም ሁሉ ነገሩ ያብረቀርቃላ! አንዲት እናት ለደም ግፊት ምርመራ ከልጃቸው ጋር ገቡ፤ ተንሸራተው በጭንቅላታቸው ወደቁ። አልተነሱም። የክሊኒኩ ባለቤት ወለሉ ላይ ምንጣፍ ጣል አደረገ። የጠየቀን የለም፣ የከሰሰን የለም። «ቀናቸው ደርሶ ነው» ተባለ፤ ተቀበሩ፤ አለቀ።

ለእሷ ግን አላለቀም። ግራጫዋ የሆነችው ከዚያ ወዲህ ነው። የሰው ቤት ስትገባ ሰላም ከማለቷ በፊት ወለሉን ታያለች። ደረቅ ወለል ላይ ውሃ ይታያታል፤ ጎንበስ ብላ በመዳፏ ትዳስሰዋለች። አንዳንዴ በጠራራ ፀሐይ፣ ደንበኛ ሞልቶ ሳለ፣ ድንገት ቀና ትላለች።

«ሰማህ?»

«ምኑን?»

«ሲወድቁ።»

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ መንፈስ ምናምን የሚባል ነገር አልወድም። «ኧረ ተይ እባክሽ! ካርቶን ነው የወደቀው» እላታለሁ። የወደቀ ካርቶን እንደሌለ ግን አውቃለሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ እኔም በዚያ ሰሌዳ በኩል ካለፍኩ ቆይቻለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ሴት ወደ መደብሩ መጣች። «ለአባቴ ቤት ወለል ፈልጌ ነበር። ዓይኑ ደክሟል» አለች። ግራጫዋ ኩባያዋን ይዛ እንደ ልማዷ ጠየቀቻት።

«አብሯቸው የሚኖረው ማን ነው?»

«እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ ከአምስት ዓመት በፊት ክሊኒክ መግቢያ ላይ ወድቃ ሞታለች።»

ኩባያው ከግራጫዋ እጅ ወደቀ። እኔ ውሃውን ለመጥረግ ጎንበስ አልኩና ቀና ማለት አቃተኝ። ልጅቱ «አይዞሽ፣ ውሃ ነው እኮ» አለቻትና አብራኝ መጥረግ ጀመረች። በማግሥቱ ቤቱን እንድንለካላት ተቀጣጥረን ሄደች።

«አንነግራትም» አልኩ፣ በሩ ገና ሳይዘጋ። «ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ቁስል መነካካት ለማን ይበጃል? ዕድሜ ልካቸውን የማይጥላቸው ወለል እንሥራላቸው፤ ካሳችን እሱ ይሁን።»

ጎንበስ ብላ እርጥቡን ወለል በመዳፏ ዳሰሰችው። ስትጮህብኝ ግድ የለኝም፤ እንዲህ ስትሆን ነው የምፈራት።

በማግሥቱ የሄድንበት ቤት ጠባብ ነው፤ አንድ ሳሎን፣ ኮሪደርና ሁለት ክፍል። ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ እኛን ሳይሆን ድምፃችንን እየተከተሉ ሰላም አሉን። እኔ ሜትሬን ዘረጋሁ። ትንሽ ቆይተው ወደ መኝታ ቤት ሊሄዱ ተነሱ፤ ልጅቱ ሮጣ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል መነጨቋት።

«ተይኝ! አንቺ ሰው መያዝ አታውቂም።»

ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ሄዱ። ልጅቱ እኛን አፍራ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ያን ቀን ስልኬ ጮኸ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለማንሳት ብዬ የእናቴን ክንድ ለቀቅኩ። አንድ እርምጃ ብትሄድ ነው። ከዚያ ወዲህ አባዬ አያስነካኝም። ደግሞም ልክ ነው፤ እኔ ነኝ የገደልኳት።»

አምላኬ! የጠየቀን የለም ብለን ስንኖር፣ ይቺ ልጅ በእኛ ፈንታ በገዛ ቤቷ ስትጠየቅ ኖራለች። እዚያው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግራጫዋን አየኋት። በዓይኔ «ተይ» አልኳት። አልተወችም።

ሽማግሌው ተመልሰው እስኪቀመጡ ጠበቀች። ከዚያ እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ ጥፋቱ የልጅዎ አይደለም። የክሊኒኩን ወለል የመረጥኩት እኔ ነኝ። የግድግዳ ሴራሚክ ነበር። ውሃ ከነካው ሰው አያቆምም፤ እሷ እናቷን ይዛቸው ቢሆን ሁለቱም አብረው ነበር የሚወድቁት።»

«ምን አልሽ?»

አፌን ማን እንደከፈተው እንጃ። «ያነጠፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አልኩ። «የግድግዳ መሆኑ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ አይቻለሁ። እያወቅኩ ነው ያነጠፍኩት።»

ግራጫዋ ዞር ብላ አየችኝ። ይሄን ለእሷም ነግሬያት አላውቅም ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ሴትየዋን ብቻዋን ስታያቸው፣ አጠገቧ ቆሜ ካርቶን ነው የወደቀው እላት ነበር። ስድብ ጠበቅኩ፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ሽማግሌው መለሰች።

ልጅቱ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። እርግማን መጣ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ከቤቴ ውጡ» አሉ። አልጮኹም።

ሜትሬን ሰበሰብኩ። እሳቸውም ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ግድግዳው ከቆሙበት ይርቃል። እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ።

«ነይ ልጄ» አሉ። «ያዢኝ፤ እስከ በሩ ድረስ ላስወጣቸው።»