የወንድሜን ጉሮሮ ስጠብቅ የዋልኩበት ቀን

ባለፈው እሑድ ናዝሬት ቤቴ ምሳ የጋበዝኩት ሰው አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞ መጣ። ክፉ አላሰበም፤ ባዶ እጁን መግባት አሳፍሮት ነው። እኔ ግን ጠርሙሱን ተቀብዬ የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ፍሪጅ ላይ አስቀመጥኩት፣ መልሼ አነሳሁት፣ በመጨረሻ ከዘይቱ ጀርባ ሸጎጥኩት። ጴንጤ ቤት መጠጥ ስለማይገባ ብቻ አይደለም። የዝዋዩ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታምራት መጠጥ ካቆመ ዓመት ሊሞላው ነበር። ያቆመውም እንዲህ ነው፤ አንድ ጠዋት ጎረቤቶች ከአስፋልት ዳር አንስተው አመጡት፤ እማዬ እግሩን አጥባ አስተኛችው፤ ሲነቃ "በቃኝ" አለ። በቃኝ ማለትስ ከዚያ በፊትም ብሎ ያውቃል። ይሄኛው ግን ሰነበተ። እማዬ ምስጋናዋን ሳትጨርስ ታምራት ሥራ አገኘሁ ብሎ መጣ። የት? ዝዋይ አጠገብ፣ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ውስጥ።

"ጅብ ሥጋ ቤት ተቀጠረ በይኛ!" አለች እማዬ።

ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ላከችኝ። "ሄደሽ በዓይንሽ እይልኝ። የሚጠጣ ከሆነ እንዳትደብቂኝ። እኔው ሄጄ ጎትቼ አመጣዋለሁ።"

ኅዳር ነበር። መቂ ላይ ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች መንገዱን ዘግተውት ቆምን። ተሳፋሪው ወርዶ ሐብሐብ እያስቆረጠ ይበላል፤ ጭማቂው በክርኑ ይወርዳል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። እየጠጣ ባገኘው ምን እላለሁ? እውነቱን ብናገር ከሥራው አስነቅለዋለሁ። ብዋሽ ደግሞ እማዬ ፊቴን ገና ከበር ታነበዋለች።

የፋብሪካው ዘበኛ በኦሮምኛ ሰላም እያለኝ "አካም ጅርታ! የታሜ እህት ነሽ አይደል? ቁርጥ እሱን" ብሎ አስገባኝ። ታሜ መባሉ ራሱ አስደነገጠኝ። ቡና ቤት አብረውት ያመሹ የነበሩትም እንዲህ ነበር የሚጠሩት።

ታምራት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ጎብኚዎችን ያስጎበኛል። በዓይኑ ጠቀሰኝና ከኋላ ተከተልኩ። በረድፍ የተተከለውን ወይን አየን፤ ከዚያ በርሜሎቹ ወዳሉበት ክፍል ገባን። ውጪው ያቃጥላል፣ እዚያ ውስጥ ይበርዳል፤ እርጥብ እንጨትና የቦካ ፍሬ ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆዎች፣ ከሥሩ አንድ ባልዲ ነበር።

"መጀመሪያ አሽትቱት። ከዚያ አፋችሁ ውስጥ አገላብጡት። መዋጥ የማትፈልጉ እዚህ ትፉት" አለ፤ ለእኔም ጭምር ለሁላችን ቀዳና ራሱም ተጎነጨ።

እኔ ጉሮሮውን አየሁ። ማንቁርቱ አልተነቃነቀም። ጎንበስ ብሎ ተፋው። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ሦስተኛውን ተጎንጭቶ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ታምራት!" ብዬ ጮህኩ።

ብርጭቆ የያዘው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ታምራትም ዞረ። በእጁ ጨርቅ ይዟል፤ ሸሚዙ ላይ የፈሰሰበትን እየጠረገ ነበር። ጉንጩ እንደተነፋ ትክ ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ተፋው።

እንግዶቹ ሲሄዱ በረንዳው ላይ ተቀመጥን።

"እማዬ ናት የላከችሽ?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

"የመጀመሪያ ቀን ጠጪ እንደነበርኩ ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ" አለ። "ናዝሬት እያለሁ ተደብቄ ነበር የምጠጣው። እዚህ ስተፋ ሰው ሁሉ ያየኛል። ያ ነው የያዘኝ።"

"ነገ ማንም ባያይህስ?"

"እሱን እኔም እፈራዋለሁ።"

ያን ሲለኝ ልነሳ ብሞክር በረንዳው ዞረብኝ። ለካ የሱን ጉሮሮ ስጠብቅ የኔን ረስቼዋለሁ። የቀዳልኝን ሁሉ በባዶ ሆዴ ውጬዋለሁ! ታምራት እስኪያስለው ሳቀ። ሐይቁ ዳር ወስዶ አሳ ጥብስ በሚጥሚጣ አበላኝና ሚኒባስ ላይ ጫነኝ።

እማዬ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። አቅፋ ስትስመኝ እጇ ደረቀ።

"የማን ሽታ ነው?"

"የኔ ነው፣ እማዬ። እሱ አልጠጣም። የጠጣሁት እኔ ነኝ።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ አለቀሰች። "አንዱን ስጠብቅ ሁለት ሊሆኑብኝ ነው" አለች። ምንም ብላት አላመነችኝም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጠላዋን ተከናንባ ራሷ ዝዋይ ወረደች። ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ዘርግታ፣ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፦

"ይተፋል።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። ታምራት ሁልጊዜ ተፋ ማለት አይደለም፤ እማዬ ያረፈች ሰሞን አንድ ጊዜ ወድቆ ተነሥቷል። አሁን ሻሸመኔ ሚስትና ልጆች አሉት፤ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። እኔን ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ስልክ ሲደውል ከሚለኝ ነገር በፊት ምላሱን ነው የማዳምጠው፤ ተሳስሯል ወይስ አልተሳሰረም እያልኩ። ይህን አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። እሱ ግን ሳያውቅ አይቀርም። ምክንያቱም በደወለ ቁጥር ጉዳዩን ከመናገሩ በፊት የልጆቼን ስም ከነአባታቸው አንድ በአንድ፣ ጥርት አድርጎ እየጠራ ደኅንነታቸውን ይጠይቀኛል። እኔም እስኪጨርስ አላቋርጠውም።