ለሽማግሌ የሚነሱ ልጆች

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ ከዩኒቨርሲቲ ለዘመቻ ወጥቼ መካነ ሰላም ተመድቤ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአቀስታ መንገድ ላይ፣ ረሃብ ያፈናቀላቸው ሰዎች መጠለያ ነበር። ጅብ መንገድ ዳር የወደቀ ሰው መብላት ስለለመደ የመጠለያውን ልጆች በእግር ከተማው ትምህርት ቤት መላክ አልተቻለም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የዱቄት ወተት ያድላል፤ ያልሄደ ልጅ ጦሙን ይውላል። ስለዚህ የእርዳታ እህል የሚያመላልሰው የጭነት መኪና ጠዋት ሊወስዳቸው፣ ከሰዓት ሊመልሳቸው ሆነ። እኔ ከኋላ አብሬያቸው እንድሆን ታዘዝኩ።

ጥንቃቄ ተፈጥሮዬ ነው። ልጆቹን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ፤ ትንንሾቹን ወደ መሐል አደረግኩ፤ የመኪናውን መከለያ፣ የስፖንዳውን መቀርቀሪያ ደግሜ ነካክቼ አየሁ። አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። መንገዱ ቀዬአቸውን ጥለው በሚሄዱ ሰዎች ተሞልቷል፤ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው። መኪናው በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር ልጆቹ «ኖር!» እያሉ ብድግ ይላሉ። ሽማግሌዎቹም ምርኩዛቸውን ከፍ አድርገው «እደጉ! አላህ ያሳድጋችሁ!» ይላሉ።

«ተቀመጡ፣ ትወድቃላችሁ» አልኩ።

«ትልቅ ሰው ቆሞ?» አለች አጠገቤ የነበረች ትንሽ ልጅ፣ በእኔ አፍራ።

ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እሜቴ ዘማች! ድምፅሽን አዲስ አበባ ረስተሽው መጣሽ እንዴ? ቆጣ በያቸው እንጂ!» ብሎ ሳቀ።

መቆጣት አልሆነልኝም። የልጅቷን ቀሚስ ጨብጬ ያዝኩ።

ከሰዓት ስንመለስ፣ ጎርፍ የሸረሸረው ቁልቁለት ላይ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ ተነሳች፤ ቀሚሷን ያዝኩ። ጎማው ጉድጓድ ገባ። ቀሚሱ ያረጀ ነበር፤ ቁራጩ እጄ ላይ ቀረ።

ጤና ጣቢያ ሳንደርስ ሞተች።

እናቷ «ምን ሆና ወደቀች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ለሽማግሌ ተነስታ።»

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለች። ከዚያ ከጀርባዋ የተሸጎጠውን ወንድ ልጇን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ይሄ ነገም ይሄዳል። ወተቱ አይቅርበት።»

በማግስቱ ጠዋት ከመኪናው ቀድሜ በመንገዱ ወጣሁ። ለማላውቀው ሰው ቀና ብዬ የማልናገር ሴት፣ በየተቀመጡበት እየቆምኩ «አባቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ? መኪናው ሲመጣ ፊታችሁን አዙሩልን፤ ልጆቹ እንዳይነሱ» እያልኩ ለመንኩ።

ቁልቁለቱ ላይ ያገኘኋቸው አዛውንት ትክ ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ከብቱ አለቀ፣ ቤቱ ፈረሰ። ልጅ ሲነሳልን ነው ሰው መሆናችን ትዝ የሚለን። እሱንም?»

«እሱንም፣ አባባ» አልኩ።

መኪናው ሲያጓራ ተሰማ። አዛውንቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ዞሩ። ሌሎቹም እያቃሰቱ ፊታቸውን ከመንገዱ በታች ወዳለው ገደል መለሱ። ልጆቹ እንደተቀመጡ አለፉ፤ «እደጉ» ያላቸው አልነበረም።