ቤቱን በእርምጃ የለካሁ ቀን

ላስ ቬጋስ እህቴ ዘንድ ሁለት ወር የከረምኩት በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሦስት ነው። ያኔ ደሴ ውስጥ የቤት ፕላን እየነደፍኩ ነበር የምኖረው። እትዬ በሳምንት አምስት ቀን ዘ ስትሪፕ በሚባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ታጸዳለች። ከሁለቱ የዕረፍት ቀኖቿ በአንዱ ደግሞ ቦልደር ሲቲ ሄዳ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ትረዳለች። ከተማዋ ድሮ በአቅራቢያዋ ላለው ትልቅ ግድብ ሠራተኞች የተሠራች ናት ስትለኝ፣ ይዘሽኝ ሂጂ አልኳት።

አሮጊቷ ቤት በር ላይ መኪናዋን ፓርክ አደረገችና ከመውረዷ በፊት ወደ እኔ ዞረች።

“እስከ ቀትር እንደፈለግህ ዙር። የሰው ግቢ እንዳትገባ።”

“ሕፃን ነኝ እንዴ?”

“አገሩን አታውቀውም” አለችኝ፤ ሻሿን አስተካክላ ገባች።

ዋናው መንገድ ላይ የሱቆቹ ጣሪያ እስከ እግረኛው መንገድ ወጥቶ በዓምዶች ተደግፏል። ከሐምሌው ፀሐይ ተጠልዬ በሥሩ ሄድኩ። ከሁሉ በላይ የሳቡኝ ግን ከኋላ ያሉት የሠራተኛ ቤቶች ናቸው። አንዱን ፕላን ግራና ቀኙን እያገላበጡ ሰፈር ሙሉ ሠርተውበታል። ቤቶቹን የለያያቸው በኋላ የኖረባቸው ሰው ነው። አንዱ በረንዳውን በመስኮት ዘግቶታል፣ ሌላው ከጎን ክፍል ቀጥሏል። ደብተሬን አውጥቼ አንዱን መንደፍ ጀመርኩ። ስፋቱን ለማወቅ ከፊት ለፊቱ፣ እግረኛው መንገድ ላይ፣ እርምጃዬን እየቆጠርኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩ። ተመልሼ እንደገና ቆጠርኩ።

ከማዶ ሣር የሚያጠጣ ሰው ውሃውን ዘግቶ ያየኝ ነበር።

“ምን ፈልገህ ነው?”

“ቤት እየሣልኩ ነው” አልኩት በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ።

የውሃውን ጎማ ጥሎ ወደ ቤቱ ገባ። ያኔ መሄድ ነበረብኝ። መስኮቶቹን ስላልጨረስኩ ቆየሁ።

ብዙም ሳይቆይ የፖሊስ መኪና አጠገቤ ቆመ። ፖሊሱ ወርዶ መታወቂያ ጠየቀኝ። እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ድምፁ ከፍ አለ።

“እጆችህን አሳየኝ።”

አሳየሁት። ኪሴም ባዶ ነበር፤ ፓስፖርቴ እህቴ ቤት ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ደብተሬን ተቀብሎ ቀስ እያለ ገለጠው። አንዱ ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቅዳሜ ዕለት የእህቴ ባል ወስዶ ሲያሳየኝ የነደፍኩት ግድብ ነው።

“ይህንን ለምን ሣልከው?”

ደስ ስላለኝ ነበር። እሱን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምለው ጠፋኝና “ሥራዬ ነው” አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ስለ ሽብር ነበር የሚያወራው።

የእህቴን ስልክ በቃሌ አላውቀውም። እዚህ ቅርብ፣ አንዲት አሮጊት ቤት ናት አልኩት። ምራኝ ብሎ ከኋላዬ ተከተለኝ። ቤቶቹ አንድ ናቸው፤ የእህቴ መኪና ነጭ ናት፤ ነጭ መኪና ደግሞ በየበሩ ቆሟል። የመጀመሪያውን በር ሳንኳኳ የማላውቀው ሰው ከፈተ። ፖሊሱ ይቅርታ ጠየቀልኝና ቀጥል ብሎ በእጁ አመለከተኝ። ሁለተኛው መንገድ ላይ፣ ከአንዲት መኪና መስታወት ላይ የተንጠለጠለውን የእትዬን ሙስበሃ፣ የዱዓ መቁጠሪያዋን፣ አየሁ።

እትዬ የላስቲክ ጓንት እንዳጠለቀች በሩን ከፈተች። እኔን አላየችኝም፤ ፖሊሱን ነበር የምታየው። ፊቷ አመድ መሰለ። በእንግሊዝኛ መልስ ስትሰጠው ድምፅዋ ቀጠነብኝ። አሮጊቷ በብረት ምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡና ደብተሩን ተቀበሉ። ረጅም ጊዜ አዩት።

“ይህን በረንዳ የዘጉት የድሮ ጎረቤቶቻችን ናቸው። አባቴ አግዟቸዋል” አሉ። ወደ ፖሊሱ ቀና ብለው “ልጁ ቤቶቻችንን ነው የሣለው። ወንድሟ ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ” አሉት። አይተውኝ አያውቁም።

ፖሊሱ የእኔንም የእህቴንም ስምና አድራሻ ጻፈ። ከእንግዲህ ፓስፖርትህን ይዘህ ውጣ ብሎኝ ሄደ።

እትዬ ሥራዋን እስክትጨርስ ወጥ ቤት አስቀመጠችኝ። ስንመለስ መንገዱን ግማሽ ያህል ነዳች። ከዚያ ዳር ይዛ ቆመች።

“በሚመጣው ወር የዜግነት ኢንተርቪው አለኝ።”

“አልነገርሽኝም።”

“ለማንም አልነገርኩም። ስሜ አንድ ቦታ እንዳይጻፍ ስንት ዓመት አንገቴን ደፍቼ ኖርኩ። ዛሬ ጻፈው።”

“ይቅር በይኝ፣ እትዬ።”

“አንተ ምን አጠፋህ?” አለችና አለቀሰች። “ምንም ሳታጠፋ መሆኑ ነው የሚያበሽቀኝ።”

ከዚያ በኋላ ኢንተርቪው እስኪደርስ ድረስ ቤት ውስጥ ስለዚያ ቀን አላነሳንም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን ሁለታችንም እንደነግጥ ነበር። የቀጠሮዋ ዕለት መኪና ውስጥ ሆኜ ጠበቅኳት። ስትወጣ ፊቷን ማንበብ አቃተኝ። ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

“ታስረሽ ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ሌላ ሌላውን ጠየቁኝ።”

“እና?”

“አልፌያለሁ።”

እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ሰዓቷን አየችና “ሺፍቴ ደርሷል” ብላ ሞተሩን አስነሳች።