ባለገሳው

የልጅ ልጄ ማርታ ባለፈው ጥቅምት ኔትወርክ በመጣ ሰዓት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችብኝ። የፈረንጅ ልጆች ጭንብል አጥልቀው፣ ዱባ ፈልፍለው፣ ከደጅ ደጅ እየዞሩ ከረሜላ ይለምናሉ። «እማማ፣ እርስዎ እንዲህ አድርገው ያውቃሉ?» አለችኝ። መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነስቼ በሩን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

በልጅነቴም ዳንግላ ላይ ቡሄ ሲደርስ እንዲሁ ነበርኩ። ጋሪዎቹ የነሐሴን ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ፣ ጅራፉ ከየሰፈሩ ይጮኻል፣ ከየቤቱ የሙልሙል ሽታ ይመጣል። ከእኛ ቤት ግን አይመጣም። አባቴ የወንጌል አማኞች ጉባኤ ሽማግሌ ነበር፤ «የሰው በዓል አናቃልልም፣ የእኛ ግን አይደለም» ይላል። በዚያ ላይ ሴት ነኝ፤ ቡሄ ደግሞ የወንዶች ጭፈራ ነው። ታዲያ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይህን ሰምታ አርፋ ትቀመጣለች? እኔ አልተቀመጥኩም።

አባቴ ለዝናብ የሚደርበው የሣር ገሳ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ከራሴ እስከ ጉልበቴ ተከናነብኩትና ዱላ ይዤ ከጎረቤታችን ልጅ ከአዲሱና ከጓደኞቹ ጋር ተቀላቀልኩ። አዲሱ ግጥም ያወርዳል፤ እኛ መሬቱን በዱላ እየደቃን «ሆ» እንላለን። እንዳልታወቅ ድምፄን አወፍራለሁ። አቤት ደስታዬ። ግን መንገዱ ወደ እኛ ቤት ሲዞር የአዲሱን ክንድ ያዝኩ።

«የእኛን ቤት እንለፈው» ብዬ አዲሱን ለመንኩት።

«ደጅ መዝለል ነውር ነው» አለኝና እዚያው ቆሞ አወረደ፦

«የዚህ ቤት ጌታ፣ ቤትዎ ይሙቅ፣
ዳቦ ሳንቀበል ከደጅ አንርቅ።»

የፈሩት ይደርሳል፤ አባቴ ራሱ ወጣ። የሽማግሌው ልጅ ቡሄ ስትጨፍር ተገኘች ቢባል በጉባኤው ፊት እንዴት ይቆማል? ልጆቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ የገሳውን ጠርዝ አየ። «ሙልሙል አልጋገርንም፤ ቆዩ» ብሎ ገባና አንድ ዳቦ ይዞ ተመለሰ። አዲሱ የዘረጋውን እጅ አልፎ «እንካ፣ ባለገሳው» ብሎ ሰጠኝ። ገና ትኩስ ነበር። አዲሱ ወዲያው ነጥቆኝ ከከረጢቱ ጨመረው።

ማታ ማዕድ ስንቀርብ ለሁሉም ዳቦ አለ፣ ለእኔ የለም። እናቴ ግራ ገባት።

«የእሷን ባለገሳው ወስዶባታል» አላት አባቴ። ቀጥሎም ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ገሳዬ ረጥቧል፤ ነገ እፈልገዋለሁና ከምድጃው አጠገብ ስቀይው» አለኝ።

ጠርዙን በሰማያዊ ሲባጎ የጠገነው እሱ ራሱ ነበር። ይሰውረኛል ብዬ ስለብሰው የማን ገሳ እንደሆነ አላሰብኩም። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳውም፤ እኔም ይቅርታ ሳልለው አለፈ።

«ታዲያ አልተቆጡዎትም?» አለችኝ ማርታ።

«አልተቆጣኝም» አልኳት። ተቆጥቶኝ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ረስቼው ነበር። አሁን ቡሄ ሲደርስ አንድ ዳቦ ለይቼ አስቀምጥና ከበሩ እስከ አጥሩ እመላለሳለሁ፤ ከመጪዎቹ መካከል ፊቷን የሸፈነች ካለች ብዬ።