የታሰሩት አራት ቢስክሌቶች

ታንጉት ይርሳው ቡሬ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ለጣሊያን ውሃ ቀድታለች። ይህን ደብቃ አታውቅም፤ ብትደብቅስ ማን ሊያምናት? እንስራዋን አዝላ ከምንጩ ስትወጣ ያላያት የቡሬ ሰው አልነበረም። ባሏ ባዬ ሞቶ ሁለት ልጆች ታቅፋ ብትቀር፣ ጦማቸውን ከሚያድሩ ብላ ገባችበት። ጎረቤቶቿም ከዚያ ወዲህ እሳት ሊጭሩ ቤቷ ሲመጡ እንኳ ወሬያቸውን ከደጅ ጨርሰው ነው የሚገቡት። ይህ ነገር ሆዷን ይበላት ነበር። ኩሩ ሴት ስለሆነች ግን ለማንም አልተናገረችም።

ውሃውን የምታደርሰው ከገበያው በታች፣ መንገድ ዳር ወደተሠራው ቆርቆሮ ቤት ነው። አራት ወታደሮች ይኖሩበታል። ከደጁ ባሉት ባሕር ዛፎች ላይ አራት ቢስክሌቶቻቸው በሰንሰለት ተቆልፈው ይውላሉ። የታንጉት ጎጆ ከመንገዱ ማዶ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለች የመጀመሪያዋ ናት፤ ከሷ ቀጥሎ ዐሥራ አምስት የሣር ቤት ተያይዟል።

በ1933 ዓ.ም.፣ የካቲት ሲያልቅ ገደማ፣ የጣሊያን ጦር ጓዙን በካሚዮን ጭኖ ከቡሬ ሲወጣ ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። የቆርቆሮው ቤት በር ግን እንደተዘጋ ነው፤ አራቱ ቢስክሌቶችም እንደተቆለፉ ናቸው። ታንጉትንም ለውሃ የጠራት የለም። «አራቱ መትረየስ ጠምደው ቀርተዋል» ተባለ። በዚያች መንገድ የሚያልፍ ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን አርበኞች በሽንዲ በኩል ገቡ። አለቃቸው ግራዝማች ወልደ ገብርኤል ቢስክሌቶቹን ሲያዩ ሰዎቻቸውን ከመንገዱ ማዶ፣ ከታንጉት አጥር ጀርባ አስተኟቸው።

«በቅሎው ከደጅ ታስሮ ጌታው የት ይሄዳል? ከውስጥ ናቸው» አሉ።

በግራዝማች መሳቅ አይገባም። በዚያ አገር የታሰረ በቅሎ ከደጅ ካለ ባለቤቱ ከቤት አለ፤ ይህን ልጅም ያውቀዋል። እሳቸው በዕድሜያቸው ቢስክሌት አስረው አያውቁም።

ጥይታቸው በጣት የሚቆጠር ነበርና ቤቱን በእሳት ሊጨርሱት ቆረጡ። ክንዱ የሚባለው ጎበዝ ከታንጉት ጎጆ ላይ በጀርባ በኩል ወጥቶ ክዳኑን እየመዘዘ ለማቀጣጠያ ይወረውር ጀመር። የየካቲት ነፋስ ደግሞ ወደ ሣር ቤቶቹ ይነፍሳል። በየቤቱ ያለው ገና አሁን ከአውድማ የገባ የዓመት እህል ነው።

ታንጉት ከአጥሩ ጀርባ ጎንበስ ብላ ደረሰችና ለግራዝማች እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ቤቱ ባዶ ነው። አያቃጥሉብን።»

«በምን አወቅሽ?»

«ቢስክሌቶቹ ነፋስ ከበሉ ሦስት ቀናቸው ነው።»

የተኙት ሰዎች ሳቁ። እሷ ግን ፊቷን አላዞረችም።

«ማለዳ ማለዳ ውሃ ይዤ ስመጣ እየተንበረከኩ በመንፊያ ነፋስ ያበሏቸው ነበር። እሾህ የበሳሳው ጎማ ነው፤ አንድ ቀን ከሳቱት ይተኛል። አሁን ይዩት፣ አራቱም ከመሬት ተለጥፈዋል። በቅሎውን ሦስት ቀን ጦሙን የሚያውል ጌታ አለ? ከቤት ቢሆን ወጥቶ ያበላው ነበር።»

ግራዝማች በአጥሩ ቀዳዳ ጎማዎቹን አዩ። ክንዱ ግን ከጣራው ላይ ሆኖ፣ «ያጠጣቻቸው እሷ አይደለች? ልታዘገየን ነው» አለ።

የፈራችው ቃል በሰው ፊት ወጣ። ታንጉት መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ታጠቀችና፣ «እኔ እገባለሁ። ከተተኮሰብኝ ያሻችሁን አድርጉ» ብላ መንገዱን ተሻገረች።

ከመጀመሪያው ቢስክሌት ስትደርስ ጎማውን ሁሉም እያያት ጨመቀችው። ላሽቋል። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም ጨመቀች። ከዚያ ወደ በሩ ስትራመድ፣ መንፊያቸው ተሰብሮባቸውስ ቢሆን የሚል ሐሳብ መጣባት። መመለስ ግን አሁን አይሆንም፤ ከኋላዋ ዐሥራ ስድስት ቤት አለ። በሩን በሁለት እጇ ገፋችው።

ፍራሽ የሌላቸው አራት አልጋዎች፣ ደረቅ በርሜል፣ መሬት ላይ የተበተነ ወረቀት። ሌላ ምንም የለም፤ አራቱም ቢስክሌታቸውን ጥለው ከጦሩ ጋር በካሚዮን ሄደዋል። ታንጉት መስኮቶቹን አንድ ባንድ ወለል አድርጋ ከፈተችና እየተጎማለለች ወጣች። ያን ቀን መጎማለል በእሷ ካላማረ በማን ሊያምር ነው?

ግራዝማች ከአጥሩ ጀርባ ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉ።

«ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?»

«ውሃ ስቀዳላቸው ዓይኔን ከቤቴ ትቼ አልሄድሁም፣ ጌታዬ።»

ግራዝማች ወደ ሰዎቻቸው ዞረው፣ «አንድ ጥይት ሳትተኩስ ቤቱን የያዘች እሷ ናት። ዛሬ ከዚህ መንደር የሚታዘዘው እሷ ያለችው ነው» አሉ።

«እንግዲያማ ክዳኔን መልሱልኝ» አለች ታንጉት። «የመዘዘው ራሱ ይክደነው።»

ክንዱ አንገቱን ደፍቶ ጣራውን መክደን ጀመረ። ሣሩን ከታች የሚያቀብሉት ግራዝማች ወልደ ገብርኤል ነበሩ። ታንጉት እጇን ከወገቧ ላይ አድርጋ፣ መንደርተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ክንዱን፣ «በዚያ በኩል ጠበቅ አድርገው፤ ክረምት ያፈስብኛል» ትለው ነበር።